የእናቷ ስለት

ልጅ ሳለች ልቧ ታሞ ተኝታ፣ እናቷ ለጎረቤት ሲያወሩ በትኩሳቷ መሃል ሰምታለች፤ «ብቻ ትዳንልኝ እንጂ፣ ጾሟ እስከ ዕለተ ሞት አይታጎልም ብዬ ተስያለሁ።» የቀረውን እንቅልፍ ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ አንድም ጾም ገድፋ አታውቅም።

ዘንድሮ ልቧ በቀዶ ጥገና ሊጠገን ቀን ተቆርጦ ሳለ ሁዳዴ ገባ። ሐኪሙ፣ «በዚህ ክሳትሽ ብንከፍትሽ ቁስሉ አይጠግግም፤ ያመረቅዛል። እስከዚያ እንቁላል ብዪ፣ ወተት ጠጪ» አላት። የንስሐ አባቷም ፈቀዱላት። እሷ ግን፣ «በስለት የዳነ ልብ በወተት አይለወጥም» ብላ እምቢ አለች።

እናቷ ከገጠር መጥተው ወተት አፍልተው አቀረቡላት።

«እማዬ፣ ስለትሽን ላፍርሰው?»

«ስለቱማ የኔ ነው» አሉ አሮጊቷ። «እሷ አቅም የላትም፣ ትብላ፤ የሷን ጾም እኔ በፍስኩ ቀን እጾምላታለሁ ነው ያልኩት። ስትጾሚ ሳይ ወደሽ መስሎኝ።»

ልጅቱ የእናቷን የከሳ እጅ አየች። በየበዓሉ ሥጋ ሲቀርብ «አይስማማኝም» እያሉ ሽሮ ሲበሉ ነው የኖሩት።

«አሁንም ትጾሚልኛለሽ?»

«እስከ ዕለተ ሞት ብያለሁ፣ ልጄ።»

ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለች። «እሺ እማዬ፣ እጠጣለሁ» አለች።