ሳፋ ውስጥ የቀረው ሶል

የሠራዊቱን ግዥ የሚያስብ ማሽን ከተረከበ ወዲህ፣ ሰው የማሽኑን ውሳኔ ለመቃወም ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። ዝም ካልክ ተስማማህ ማለት ነው። ከአርባ የዕቃ ጥራት ገምጋሚዎች የቀረችው ወይዘሮ አስካለ ብቻ ናት።

የጫማ ሶል ጥንካሬ ደግሞ በደቂቃ አይታወቅም። አስካለ እንደ ድሮው የአዲሱን የወታደር ጫማ ናሙና ቤቷ ወስዳ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ዘፈዘፈችው። ጠዋት ጫማውን ስታነሳው ሶሉ ሳፋው ውስጥ ቀረ። ስልኳን አንስታ «እቃወማለሁ» የሚለውን ተጫነች።

«ደቂቃዎ ትናንት አልፏል። ጫማው ታድሏል» ሲል ማሽኑ መለሰላት።

ወዲያው ወታደር ልጇ ምንታምር ከካምፕ ደወለች።

«እማዬ፣ አዲስ ጫማ ታደለን!»

«አሮጌውን አድርጊ ልጄ፤ ይኼ ውሃ አይችልም።»

«አሮጌውንማ ሰብስበው ወሰዱት» አለች ምንታምር እየሳቀች። «ደግሞ ዛሬ ወንዝ ልንሻገር ነው።»

አስካለ ሶሉን ከሳፋው አውጥታ በፎጣ ማድረቅ ጀመረች።