የቅዳሜው ተመልካች

ሊዲያ ድራማውን የጻፈችው ከወንድሟ ሐዘን ለመገላገል ነበር። ወንድዬ ግን ጭራሽ በየቅዳሜው እየተነሳ ይሞትባት ጀመር።

ታሪኩ አጭር ነው። ወንድዬ ከአባቱ ጋር ይጣላል። ሊነጋጋ ሲል በሩን ጓ አድርጎ ይወጣና የሚሠራበትን ፋብሪካ ሰርቪስ ለመያዝ የቃሊቲን አስፋልት ሲሻገር የጭነት መኪና ገጭቶት ያመልጣል። መኪናው እስከ ዛሬ አልተገኘም። አባትየውም ዓመት ሳይሞላ በጸጸት ተከተለው። ሊዲያ የማታውቀውን ሰው መጻፍ ስላልሆነላት በድራማው ውስጥ ሾፌር የለም፤ ከበር ጀርባ ቆርቆሮ ይመታል፣ በቃ።

አጨዋወቱ ግን አዲስ ነው። በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ መድረክም መጋረጃም የለም። ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ ይነሳል፣ የአንዱን ተዋናይ ቦታ ይወስዳል፣ ታሪኩን ሊለውጥ ይሞክራል።

የቀድሞ መምህሯ ጋሽ ፈቀደ ይህን ሲሰሙ ሳቁባት።

«በእኛ ጊዜ ተመልካች ጨለማ ውስጥ አልቅሶ፣ ቀሎት ቤቱ ይገባ ነበር። ኋላ የመጡት ደግሞ አታልቅስ፣ አስብ አሉት። አንቺ ጭራሽ ልታሠሪው ነው?»

«አልቅሰን ምን ለወጥን ጋሼ?»

እውነቷን ነው። አንድ ቅዳሜ እንኳ ወንድሟ ሳይሞት ቢያልቅ አንጀቷ የሚርስ ይመስላታል።

ጋሽ ታጁ የመጡት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። በሩ ላይ የተለጠፈውን የወንድዬን ፎቶ ቆመው አዩና ጥግ ይዘው ተቀመጡ። አባትና ልጅ ሲጣሉ «ቁም!» አሉና የአባትየውን ቦታ ወሰዱ። ወንድዬን የሚጫወተውን ሚራክልን እንዳይወጣ ለመኑት፤ እምቢ አለ። ነጭ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት።

«ነጭ ነገር በጉም ውስጥ ይታያል ልጄ።»

ድራማው ውስጥ ጉም የለም። ወንድዬ የሞተ ዕለት ግን ነበር። ለሊዲያ የአባቷ መንፈስ በእኚህ ሰው አድሮ የመጣ መሰላት።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ሁልጊዜ አባት ይሆናሉ፣ ሁልጊዜ ይሸነፋሉ። ቆርቆሮው በተመታ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ጥብቅ አድርጎ ይረግጣል። እርጅና ነው ብላ አለፈችው።

«አባባ፣ ልጅ ሞቶብዎት ነው?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ሞቷል» አሉ። አንጀቷን በሉት።

በመጨረሻው ቅዳሜ ጠቡ ሲጀመር እንደ ልማዳቸው አባት ሊሆኑ አልተነሱም። ሚራክል በሩን ጓ አድርጎ ወጣ፣ አስፋልቱ ዳር ደረሰ፣ አንድ እግሩን አነሳ።

«ቁም!»

ጋሽ ታጁ ነበሩ። ሊዲያ ጠጋ አለቻቸው።

«አባባ፣ እዚህ ላይ የሚተኩት ሰው የለም እኮ። ልጁ ብቻ ነው ያለው።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ከሚራክል ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ።

«አለ እንጂ ልጄ፤ ሾፌሩ» አሉ። «ያን ቀን አልቆምኩም። ዛሬ ልቁም።»