የሽንፋዋ ታንኳ

ደረበ የትራክተሩን ሞተር ሳያጠፋ ወርዶ፣ ሰንሰለቱን ከኋላው አሰረና ሌላውን ጫፍ ወደ ኩሬው መጎተት ጀመረ። ስርጉት ሄዳ መንገዱ ላይ ቆመች። ትራክተር ለማስቆም ቀጠን ትላለች፤ ግን ቆመች።

«እት ስርጉት፣ ዞር በይ እንጂ። ገና ሰንሰለት እየዘረጋሁ ነው።»

«ዘርጋ። እንግዶቹ ሳይሞክሩ ግን ውሃውን አይነካም። ቃላችን እንደዚያ ነው።»

እውነትም ቃሉ እንደዚያ ነበር። በበጋ የሽንፋ ወንዝ ሲቆራረጥ፣ ከሽንፋ ከተማ በታች ያለው ጥልቅ ኩሬ አንዲት የጥንት ታንኳ በሆዱ ይዞ ይቀራል። ከአንድ ግንድ የተቦረቦረች ናት፤ ማን እንደጠረባት የሚያውቅ የለም። አምና መቅዘፊያዋ ወጥቶ ቀበሌው አዳራሽ ተሰቀለ። ብዙም ሳይቆይ ተሰነጣጥቆ እንደ ከሰል ረገፈ። ዘመን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የኖረ እንጨት ፀሐይ አይችልም። የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ሠራተኛ ስርጉት የመቅዘፊያውን ፍርፋሪ በመጥረጊያ የሰበሰበችው ራሷ ናትና፣ ታንኳዋ ከወጣች ምን እንደሚጠብቃት ነጋሪ አያሻትም።

የከተማው ሽማግሌዎችም የራሳቸው ቁስል አላቸው። ባለፈው ወር የመጡ እንግዶች ውሃ ብቻ አይተው፣ «እዚህ ምንም የለም» ብለው እየሳቁ ሄዱ። ሽንፋ ውሸታም ተባለች። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ታላቅ አባ ባንተአምላክ ፈረዱ፤ የዛሬዎቹ እንግዶች ካዩዋት ባለችበት ትቆይ፣ ካላዩዋት ትውጣ።

ስርጉት ተዘጋጅታ ነበር። የባልዲ ቂጥ አስቆርጣ መስታወት አስለጥፋለች። ባልዲውን ውሃው ላይ አስቀምጦ፣ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ፊትን ወደ ውስጥ አስገብቶ ማየት ነው። ሁሉን አስባ አንድ ነገር ብቻ ረሳች። እዚህ አገር ሽማግሌ ቆሞ ሳለ ቀድሞ የሚያይ የለም፤ ሽማግሌው ደግሞ ለባልዲ አይሰግድም።

«እኔ?» አሉ አባ ባንተአምላክ ኩታቸውን ሰብሰብ አድርገው። «በዚህ ሁሉ እንግዳ ፊት ቂጤን ለሰማይ ሰጥቼ ባልዲ ውስጥ ልግባ?»

«እኔ እከልልዎታለሁ፣ አባ።»

«አትበቂም፣ ልጄ።»

እንግዶቹም የጎንደር ልጆች ናቸው፣ ወግ ያውቃሉ። ባልዲውን ትተው ውሃውን በሩቁ አዩ። ነፋሱ ኩሬውን እየሸበሸበው የሚታይ ነገር አልነበረም። አንዱ ስልኩን አወጣ። ሌላው መኪናው የት እንደቆመ ጠየቀ። ደረበ ወደ ትራክተሩ ተመልሶ መሪውን ጨበጠ።

ስርጉት ዓይኗን የምታሳርፍበት አጥታ ወደ ዳር ብትመለከት፣ ፈንቴን አየች። ፈንቴ ለእንግዶቹ የሰሊጥ ዘይት ልትሸጥ መጥታ፣ ዘይት የነካቸውን ጠርሙሶች ኩሬው ዳር ተቀምጣ ታጥባለች። እሷ ፊት፣ ዘይቱ በተንሳፈፈበት ብቻ፣ ውሃው እንደተተኮሰ ልብስ ተኝቷል። ከታች ያለው ጠጠር ይቆጠራል።

«ፈንቴ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት።»

«ምነው፣ ወንዙን ልትጠብሺው ነው?»

«አዎ። አምጪ።»

ስርጉት ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ወዳለው ዳር ዞራ ሄደች። አንድ ሲኒ እንኳ የማይሞላ ዘይት በመዳፏ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አንጠባጠበችው። ዘይቱ ነፋሱን ተከትሎ ሄደ። ሽብሽቡ አንድ በአንድ ተኛ፤ መጀመሪያ ዳሩ፣ ከዚያ መሃሉ።

ፀሐይዋም እስከ ታች ወረደች። የታንኳዋ ጥቁር አፍንጫ ታየ። ከዚያ ጎኗ። ከዚያ የመጥረቢያው ምት ሳይቀር፣ ትናንት የተጠረበች ይመስል። ዓሦች በሆዷ ገብተው በጫፏ ይወጣሉ።

አባ ባንተአምላክ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆመው አዩ። ከዚያ ወደ ትራክተሩ ዞሩ።

«ደረበ፣ ይህን ጩኸት አጥፋው።»

ሞተሩ ጠፋ።

«ሰንሰለቱንም ጠቅልል።»

«አባ፣ ትውጣ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያልሁ። አሁንም እኔ ነኝ የምል።»

ስርጉት ሳቋን ልትይዝ ብትሞክር እንባዋ ቀደማት። እንግዶቹ ግር ብለው ቀረቡ፤ ባለስልኩ ፎቶ ሊያነሳ አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ ሊያስገባ ሲል፣ የሽማግሌው ምርኩዝ ደረቱ ላይ አረፈ።

«እዚያው፣ ልጄ። እሷ ዘንድ እንዲህ አይገባም።»

አባ ባንተአምላክ በረባሷቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ጎን ለጎን አኖሩ። ልጁ ዝቅ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። ቀጥሎ ጓደኞቹ፣ ቀጥሎ ፈንቴ፣ በመጨረሻ ደረበ በግሪስ የጠቆረ ቦቲውን። የጫማው ሰልፍ እየረዘመ ሄዶ፣ አሸዋው የቤተ ክርስቲያን ደጅ መሰለ።