የግራናይቱ ከፍታ

አረፍ በሉማ ልጆቼ፣ አንዲት ነገር ላጫውታችሁ። ድሬ ዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ እማማ ቱሪያ ከሟች ባላቸው ጋር የሠሯት ቤት አለች። ልጃቸው ጦልሃ ኩሽናዋን በዘመኑ ፋሽን ሊያሳድስ ተነሣ። ግድግዳው ፈርሶ ኩሽናና ሳሎን አንድ በሆኑ ማግስት አናጺው ሜትሩን ዘርግቶ፣ «አቦ፣ እዚህ የምታበስለው ማናት? ትቁምልኝ! የመክተፊያው ግራናይት የሚቀመጠው በክርኗ ልክ ነው» አለ።

ማን ይቀድማቸዋል! ዕድሜ ልካቸውን ጎንበስ ብለው ያበሰሉ ሴት፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ፊቱ ቆሙ። ክርናቸውን አጥፈው ሽንኩርት እንደሚከትፍ ሰው እጃቸውን አየር ላይ አንቀሳቀሱ።

«አጭር ናት ብለህ እንጨት እንዳትሰርቀኝ!»

«ኧረ እናቴ፣ ለእርስዎማ ሕፃን የሚደርስበት አደርገዋለሁ» ብሎ አናጺው ሳቀ።

ጦልሃ አልሳቀም። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ «በእማዬ አትለካ። ለማንም የሚሆን አድርገው፤ የሚገቡበት ተከራዮች ናቸው» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልነግርሽ ነበር እኮ፣ እማዬ። ገጠር ጀልዴሳ ወርደሽ አክስቴ ጋ ትሆኛለሽ፤ ጸጥታው ይስማማሻል» አላቸው።

እጃቸው እንደታጠፈ ቀረ። አናጺው መሬት መሬቱን አየ። እማማ ቱሪያ ልጃቸውን አላዩትም። ቀስ ብለው ክንዳቸውን አወረዱና አናጺውን፣ «እንግዲያው ከፍ አድርግላቸው፣ ልጄ። ጎንበስ ብሎ መሥራት ወገብ ይገላል» አሉት።

ይህችን ቃላቸውን አደራ ልጆቼ፣ አትርሱብኝ።