ቤቱን የሚያውቅ ሰው

ከባሏ ዱላ ለማምለጥ የደሴ ትኬት ቆርጣለች፤ የቀራት ሻንጣ ነው። ከሰፈሩ ሱቅ እንዳትገዛ፣ ባለሱቁ ጋሽ ሽብሩ የባሏ የክርስትና አባት ናቸው። መርፌ ስትገዛ እንኳ "ምን ልትሰፊበት ነው?" ይላሉ። ሻንጣ ብትጠይቅማ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል።

ስለዚህ በቴሌግራም አዘዘች። እዚያ ወዴት ነሽ የሚል የለም፤ ቀለም መረጠች፣ ስሟን፣ ሰፈሯንና ስልኳን ሰጠች፣ በቃ። ባሏ ሥራ በሚውልበት ሰዓት እንዲያመጡላት ቀጠረች።

አምስት ሰዓት ላይ አድራሹ ደወለ።

"እህት፣ ሰፈሩ ደርሻለሁ፤ ቤቱ ግን ጠፋኝ።"

"ካለህበት አትነቃነቅ፣ እኔ እመጣለሁ። ሰው እንዳትጠይቅ።"

"ጠየቅኩ እኮ። የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር ስም ጠርቶ ከመጠየቅ ሌላ ምን አለ?" አለ እየሳቀ። "ደግነቱ ከታክሲ የወረዱ አንድ ጋሼ አወቁሽ። ሻንጣውንም እኔ ልያዝልህ ብለው ከፊት ከፊቴ እየሄዱ ነው።"

ነጠላዋን አፈፍ አድርጋ ወደ በሩ ተጣደፈች።

"የት ደረሳችሁ? ልውጣ።"

"ኧረ አትቸገሪ፤ ቁልፍ አለኝ ብለዋል።"