የሁሉቃ እንጨት

ሹኩሪያ ለሱብሒ ሰላት ተነስታ፣ ጓሮ ታጥባ ወደ ሳሎን ልትገባ ስትል በሩ ላይ ቆመች። ባሏ ፈዲሉ የሻይ በራዱን ይዞ በዓሦቹ የመስታወት ገንዳ ላይ አጎንብሷል። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከመሄዱ በፊት ከሁሉቃ ወንዝ ያመጣውን የእንጨት ቁራጭ እዚያ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ውሃው ሲጠይም ጊዜ ደንግጣ ልትደፋው ስትል፣ "ተይው እማ፣ ቆሻሻ አይደለም። የእንጨቱ ቀለም ነው፤ ዓሦቹ ይወዱታል" አላት። ከዚያ ወዲህ ውሃውን በቀየረች ቁጥር እንጨቱ መልሶ ያጠይመዋል። የልጁ ደብዳቤ ከተቋረጠ ጀምሮ ደግሞ፣ "ይኼ ቀለም እስካለ ልጄ ደህና ነው" ትላለች።

ለካ እንጨቱ ቀለሙን ከጨረሰ ቆይቷል። ትናንት በቀየረችው ንጹሕ ውሃ ላይ ፈዲሉ ስኳር የሌለው ቀዝቃዛ ሻይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። በጣቱ አማሰለው፤ ራቅ ብሎ አየና ትንሽ ጨመረ።

ሹኩሪያ ወደ ጓሮ ተመልሳ ባልዲውን ሆን ብላ አንኳኳች። ስትገባ በራዱ ቦታው ነበር።

"ዛሬም አጥይሞታል" አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች።

ማታ ሻይ ስታፈላ፣ ስኳሩን ከመጨመሯ በፊት አንድ ብርጭቆ ቀድታ እንዲቀዘቅዝ ለብቻው አስቀመጠች።