አንዲት ትንሽ ቃል

«ሉክ አፍተር ሂም» አለች ሠርካዲስ፣ የባሏን ባርኔጣ ጠርዝ እየዳበሰች። ጣሊያኖች በየካቲቱ ግድያ ሰሞን ልደታ ካለው ቤታቸው እንደወሰዱት አልተመለሰም። አሁን እንግሊዞች ሊገቡ ነው ሲባል፣ ጎረቤቷ መምህር ተክለጻድቅ በሹክሹክታ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስጠኗት ነበር።

«አሁንም ሳትሽው፣ ልጄ! ይሄ ‹ተንከባከቡት› ማለት ነው። ‹ፈልጉት› ለማለት ‹ሉክ ፎር ሂም› ነው። ግሱ ያው ሆኖ ነገሩን የምትለውጠው መሃል ያለችው ትንሽ ቃል ናት።»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ» አለች በደከመ ድምፅ። «እኔ ግን ፈልጌ ፈልጌ ታከተኝ። የትም ይሁን የት፣ እሱ ያለበት የሚደርስ ሰው ካለ አደራ ልለው ነው።»

መምህሩ ሊያርሟት የከፈቱትን አፍ መልሰው ገጠሙ። «‹እባካችሁ› ‹ፕሊስ› ነው፤ ከፊት ጨምሪበት» አሏት።